ሕያው ሜሞሪ፣ ሙት ሜሞሪ፦ የኮምፒውተር ቃላት ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ሲሻገሩ

(ጅማ ላይ ለቋንቋ ተማሪዎች፣ ለተርጓሚዎችና ለኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ።)

እንደምን ዋላችሁ፤ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

ሂርማታ ገበያ አካባቢ ካሉት የስልክ መጠገኛ ሱቆች በአንዱ በር ላይ ጥቂት የቆመ ሰው «ሚሞሪ ሞላብኝ» የሚል ደንበኛ ሳይሰማ አይመለስም። ጠጋኙም ስልኩን ከመቀበሉ በፊት «የቱ ሚሞሪ? ካርዱ ነው? የስልኩ የራሱ ነው? ወይስ ራሙ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ቃል ሦስት ዕቃ ተሸክሞ ስለሚዞር ጠጋኙ ሳይጠይቅ መሥራት አይችልም። መጽሐፍ ወይም መመሪያ የሚያነብ ሰው ግን የሚጠይቀው የለም። ጥያቄውን ተርጓሚው ቀድሞ መጠየቅ፣ መልሱንም በሚመርጠው ቃል ውስጥ ማስቀመጥ አለበት።

ፈረንሳይኛን ጅማ ድረስ ምን አመጣው የምትሉ ትኖራላችሁ። አማርኛና ፈረንሳይኛ ጨርሶ ባዕድ አይደሉም፤ ለገሃር፣ ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቡቲክ ከዚያ የመጡ ናቸው። አሁን የምንፈልገው ግን ቃላቸውን ሳይሆን ልምዳቸውን ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ለኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ የራሳቸውን ስም ለማውጣት ሰባ ዓመት ያህል ደክመዋል። የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም ለሁሉም ይታያል፤ እኛ ያንን መንገድ ገና እየጀመርነው ነው።

ነገሩ ከማሽኑ ስም ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1955 የኮምፒውተር አምራቹ የአይቢኤም የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ለአዲሱ መሣሪያው ስም ሲፈልግ ፓሪስ በሚገኘው ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትን የላቲን ሊቅ ዣክ ፔሬን አማከረ። እሳቸው ኤፕሪል 16 ቀን በጻፉት ደብዳቤ «ኦርዲናተር» የሚለውን ቃል አቀረቡ፤ ሥርዓት የሚያስይዝ እንደማለት ነው፤ በድሮው አገባቡ ለዓለም ሥርዓት ለሰጠ ለእግዚአብሔር የሚነገር ቅጽል ነበር። እንግሊዝኛው «የሚያሰላ» ሲል ፈረንሳይኛው ስሌቱን ትቶ ሥርዓቱን ያዘ። በ1962 ፈረንሳዊው የኮምፒውተር ባለሙያ ፊሊፕ ድሬፉስ «መረጃ» እና «አውቶማቲክ» የሚሉትን ቃላት አጋጥመው የኮምፒውተርን ሙያ «ኤንፎርማቲክ» አሉት። ዲሴምበር 22 ቀን 1981 መንግሥት ስለ ኮምፒውተር ቃላት ትእዛዝ አወጣ። ኦገስት 4 ቀን 1994 የወጣው ሕግ ደግሞ ለገበያ የሚቀርብ ዕቃ ስያሜው፣ የአጠቃቀም መመሪያውና ዋስትናው በፈረንሳይኛ እንዲሆን አስገደደ። ስለዚህ የራም ማሸጊያ ካርቶን ላይ የሚጻፍ ቃል እዚያ የሕግ ጉዳይም ነው።

አሁን ወደ ራም፣ ማሽኑ በርቶ ሳለ ወደሚሠራበት ሜሞሪ፣ እንግባ፤ ብዙ ጊዜ የምንቆየውም እዚህ ላይ ነው።

ራም በእንግሊዝኛ የሦስት ቃላት ምህጻር ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «በዘፈቀደ የሚደረስበት ሜሞሪ» ይሆናል። «ዘፈቀደ» የሚለውን አማርኛ አንባቢ እንዴት እንደሚሰማው ታውቃላችሁ፤ ግድየለሽነት፣ ያለ ዕቅድ መሥራት። ኮምፒውተሩ ሥራውን እንደመጣለት የሚያከናውን ይመስለዋል። የስሙን ምንጭ ለመረዳት ካሴት ማስታወስ ይበቃል። አምስተኛውን ዘፈን ለመስማት አራቱን ማሳለፍ ግድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች መረጃ የሚያስቀምጡበት ቴፕም እንዲሁ ነው፤ የሚፈለገው ቦታ እስኪደርስ ይጠመጠማል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሜሞሪ ግን የትኛውም አድራሻ ላይ በእኩል ጊዜ ይደርሳል፤ ስሙም ከዚህ ወጣ። ዛሬ ይህ ጠባይ ራምን ከሌላው አይለየውም፤ ሮም የተባለው «የሚነበብ ብቻ» ሜሞሪም የፈለጉት አድራሻ ላይ በቀጥታ ይነበባል። ስሙ ዕቃውን መለየት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ፈረንሳዮች ይህን ስም ሳይፈቱ አለፉት። «ሜሟር ቪቭ» አሉት፤ ሕያው ሜሞሪ። ማሽኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም ትክክል ነው። በሮበርት ዴናርድ ስም እ.ኤ.አ. በ1968 የፈጠራ መብት የተሰጠበት የራም ዓይነት እያንዳንዷን ቢት (0 ወይም 1 የምትሆነውን ትንሿን የመረጃ ክፍል) የሚይዘው በአንድ ትራንዚስተርና ኤሌክትሪክ በምታጠራቅም በአንዲት ጥቃቅን ካፓሲተር ነው። ካፓሲተሯ የያዘችው ቻርጅ በራሱ ጊዜ ይፈስሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ አብዛኛውን ጊዜ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንዴ ተነብቦ እንደገና መጻፍ አለበት፤ በሰከንድ ከ15 ጊዜ በላይ ማለት ነው። እንደ ሕፃን ሳያቋርጡ ካልመገቡት ይሞታል። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ የሚጠፋውም በዚህ ነው፤ ይህንን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በአማርኛ ደግሞ «ማኅደረ ትውስታ» የሚል ስም ተለምዷል፤ በስልክና በኮምፒውተር ገጽ ላይም ይታያል። ቃሉ ያማረ ነው፤ የተሰጠው ግን ለተሳሳተው ዕቃ ይመስለናል። ማኅደር ከ«ኀደረ» የወጣ ነው፤ የሚታደርበት ቦታ ማለት ነው። የብራና መጽሐፍ ተነቦ ሲያበቃ የሚገባበት የቆዳ መያዣም ማኅደር ይባላል። ራም ውስጥ ግን የሚያድር ነገር የለም፤ ማሽኑ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የሚያድረው ሃርድ ዲስኩ፣ ፍላሹና ካርዱ ውስጥ ነው። በቤተ ክርስቲያን ዕቃ መመሰል ካለብን ራም አትሮንሱ ነው፤ የሚነበበው መጽሐፍ ለጊዜው የሚዘረጋበት። ማኅደሩ ስቶሬጁ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ አንባቢ «ራም ጨምሬ ፎቶዎቼ ለምን ቦታ አጡ?» ብሎ አይጠይቅም።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ራም በሕዝብ አፍ ስለገባ ራም ይባል። መጀመሪያ ሲጠቀስ «ራም፣ ማለትም ማሽኑ በርቶ ሳለ ብቻ የሚሠራበት ሜሞሪ» ተብሎ አንዴ ይፈታ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ገጽ ራም። «ማኅደር» ደግሞ ለስቶሬጅ ይቆይ። የማትስማሙ ካላችሁ በውይይቱ ሰዓት እንሰማለን።

«ሕያው» ካለ «ሙት» መኖሩ አይቀርም። ሮምን «ሜሟር ሞርት» አሉት። (በአማርኛ ሮም ከተማም ስለሆነ እኛ ሌላ ችግር አለብን።) ፋብሪካ ውስጥ ተጽፎ የማይለወጥ መሆኑን ለመንገር ነው፤ ተራ አንባቢ ግን የተበላሸ ሜሞሪ ሊመስለው ይችላል። ኋላ ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን በኳርትዝ መስኮቱ ገብቶ የሚያጠፋው፣ ከዚያም እንደገና የሚጻፍበት ሮም መጣ። ፈረንሳይኛውም «እንደገና ፕሮግራም የሚደረግ ሙት ሜሞሪ» ለማለት ተገደደ፤ ሙታን ተነሡ። አንድ ምሳሌ ላይ የተገነባ ስም ዕቃው ጠባዩን ሲለውጥ እንዲህ ያጋልጣል።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ የስልክ ካርቶን ላይ አለ። «4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ሮም» ተብሎ ይጻፋል። ሮም የተባለው ስቶሬጁ ነው፤ ፎቶ የምናስቀምጥበትና የምናጠፋበት፣ ማለትም በፍጹም «የሚነበብ ብቻ» ያልሆነ ቦታ። ይህን «64 ጊጋ ሜሟር ሞርት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ለቃሉ ታማኝ ሆኖ ነገሩን ያበላሻል። ትክክለኛው «ስቶካዥ» ነው። የመነሻው ጽሑፍ ራሱ ሲሳሳት ተርጓሚው ስህተቱን አብሮ መሸከም የለበትም።

የስልክ ካርቶን ካነሳን አይቀር፣ «8 ሲደመር 8 ጊጋባይት ራም» የሚልም አለ። ሁለተኛው 8 ከስቶሬጁ የተበደረ ነው፤ ከእውነተኛው ራም በብዙ ይዘገያል፣ ከፎቶ ቦታም ይቀንሳል። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ዓይነቱን ዘዴ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ «ቨርቹዋል» ይሉታል፤ በአማርኛ «ምናባዊ» ተብሎ ይተረጎማል። ምናባዊ ሲባል ግን የሌለ ነገር ይመስላል፤ ቦታው ደግሞ በእርግጥ ተይዟል። «ብድር ራም» ብንለው ሻጩ ባይወደውም ገዢው ይገባዋል።

መለኪያው ላይ ፈረንሳዮች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ባይት የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ1956 በአይቢኤሙ ቨርነር ቡሆልትስ የተፈጠረ ነው፤ መጠኑም መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ስምንት ቢት አልነበረም። ፈረንሳይኛ «ኦክቴ» አለው፤ ከስምንት የመጣ ስለሆነ ብዛቱን ራሱ ይናገራል። የበለጠው ጥቅም ግን ምህጻሩ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ባይትና ቢት የሚለዩት በትልቁና በትንሹ አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ አታሚው ሲሳሳት መጠኑ ስምንት እጥፍ ይዛባል። የ8 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 1 ሜጋባይት መሆኑ ብዙ ሰው የሚጨቃጨቅበት ነው። ፈረንሳይኛ ባይትን በ«ኦ» ስለሚያሳጥር ሁለቱ ጨርሶ አይምታቱም። በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለም፤ ስለዚህ «ሜባ» ለባይት፣ «ሜቢት» ለቢት ብሎ ለይቶ መጻፍ ያዋጣል። ሁለቱንም «ሜ.ቢ» የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ ቁጥሩን ሳታምኑ አረጋግጡ።

ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ለምትተረጉሙ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። የእንግሊዝኛው ቢሊዮን በፈረንሳይኛ «ሚልያር» ነው። የፈረንሳይኛው ቢሊዮን ደግሞ ሺህ እጥፍ ይበልጣል፤ 1 ብሎ 12 ዜሮ። አንድ ጊጋባይት «አንድ ቢሊዮን ባይት» ነው የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቃሉን ሳይለውጥ ያሻገረ ተርጓሚ ጊጋውን ቴራ አደረገው። አማርኛው የእንግሊዝኛውን ቢሊዮን ስለሚከተል ከፈረንሳይኛ ስትመልሱም ያው ወጥመድ በተቃራኒው ይጠብቃችኋል።

ሌላው የ1000 እና የ1024 ጉዳይ ነው። አምራቹ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ሲል 64 ቢሊዮን ባይት ማለቱ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እየከፈለ 59.6 ገደማ ያሳያል፤ የ1 ቴራባይት ዲስክም 931 ይሆናል። ሱቁ አልሰረቀም። እ.ኤ.አ. በ1998 ለ1024ቱ «ኪቢ»፣ «ሜቢ»፣ «ጊቢ» የሚሉ ቅድመ ቅጥያዎች ወጥተዋል፤ በፈረንሳይኛም «ኪቢኦክቴ» ይባላል። ለተራ አንባቢ ግን እኛ አንመክራቸውም፤ በአማርኛ «ጊቢ» ሲባል ግቢ የማይመስለው ማን ነው? አንድ መስመር ማብራሪያ ይበቃል።

ባይት ከተነሳ ፊደላችን ራሱ ስንት እንደሚወስድ ማወቅ ለተርጓሚ ይጠቅማል። ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚያስቀምጡበት በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት፣ ጭረት ያለበት የፈረንሳይኛ ፊደል 2፣ የግዕዝ ፊደል 3 ይወስዳል። «ጅማ» 6 ባይት ነው። በአጭር መልእክት ደግሞ ላቲን 160 ፊደል ሲፈቀድለት ለእኛ 70 ብቻ ነው። «የዘፈቀደ መድረሻ ማኅደረ ትውስታ» ክፍተቶቹን ጨምሮ 20 ፊደል ይሆናል፤ ከአንድ መልእክት ሩብ በላይ ለአንድ ስም ጠፋ። ስልክ ገጽ ላይ ደግሞ «የዘፈቀደ መድ…» ተብሎ ይቆረጣል፤ የሚቀረውም መጥፎው ክፍል ነው።

አሁን ካሽ፣ ማለትም ቶሎ ቶሎ የሚፈለገው ነገር በቅርብ የሚያዝበት ትንሽ ሜሞሪ። ይህ ቃል ወጥቶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ነው። ሥሩ «መደበቅ» የሚል የፈረንሳይኛ ግሥ ነው። በሰሜን አሜሪካ ይዘዋወሩ የነበሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አዳኞች ስንቃቸውን ደብቀው የሚሄዱበትን ቦታ እንዲህ ይሉት ነበር፤ እንግሊዝኛ ወሰደው። በኮምፒውተር ዓለም እንግሊዛዊው ሊቅ ሞሪስ ዊልክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ሐሳቡን ሲያቀርቡ «ባሪያ ሜሞሪ» ነበር ያሉት፤ በ1968 አይቢኤም ካሽ የሚለውን ተጠቀመ፤ ያ ጸና። ፈረንሳዮች ቃሉ ተመልሶ ሲመጣ «አንቴሜሟር»፣ ማለትም ከፊት ያለ ሜሞሪ፣ የሚል ቃል አወጡለት። ከትርጉም አንጻር የሚሻለው እሱ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ካሽን መረጠ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ቀረ፦ በተባዕት ጾታ ሲነገር የኮምፒውተሩ ካሽ ነው፤ በአንስታይ ሲነገር መደበቂያ ቦታ።

ሥራውን በረከቦት ማስረዳት ይቻላል። ቡና የምታፈላ ሴት ሲኒና ስኳሩን አጠገቧ ታደርጋለች፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ ጓዳ አትመላለስም። ረከቦቱ ጠባብ ነው፤ ቅርብ መሆኑ ነው ጥቅሙ። ከራም ለማምጣት 100 ናኖሰከንድ ገደማ የሚፈጀውን ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ክፍል) ከቅርቡ ካሽ በ1 ናኖሰከንድ ገደማ ያገኘዋል።

ነገር ግን ስልካችን ላይ «ካሽ አጽዳ» የሚለው ይህን አይደለም። እዚያ ካሽ የተባለው አፕሊኬሽኑ ስቶሬጅ ላይ ያስቀመጠው ቅጂ ነው፤ ያየነው ምስል እንደገና እንዳይወርድ። እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም ሁለቱን በአንድ ቃል ይጠራሉ። በአማርኛ ሦስተኛ ትርጉም ይጨመራል፦ ካሽ ጥሬ ገንዘብ ነው። በስልኩ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ «ካሽ ይጥፋ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይ» ቢል ሊፈረድበት አይገባም። ለፕሮሰሰሩ ካሽ ሊቀር ይችላል፤ ለአፕሊኬሽኑ «ጊዜያዊ ቅጂ» ካልተባለ ጉዳት አለው።

ቀሪዎቹን በፍጥነት እንለፋቸው። ቺፕ በፈረንሳይኛ «ፒውስ» ነው፤ ቁንጫ ማለት ነው። እንግሊዝኛው የእንጨት ስንጣሪ ሲል ፈረንሳይኛው ስንጣሪውን አልፈለገም፤ ትንሽና ጥቁር መሆኑን ብቻ ወስዶ ቁንጫ አለ። ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ቃል በቃል የሚሄድ ሰው ኮምፒውተሩን ቁንጫ ያስወርረዋል። የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ የሆነው ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካው ራም «ባሬት» ይባላል፤ የፀጉር መያዣም ባሬት ነው። ለጠጋኝ በሚጻፍ ጽሑፍ ግን ስሙ ብቻ አይበቃም፤ ከዴስክቶፕ ራም ትውልዶች ዲዲአር3 240 እግር፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 288 እግር እንዳላቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እግራቸው እኩል ቢሆንም ስንጥቃቸው የተለያየ ቦታ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ እንደማይገባ መጻፍ አለበት። ካልተጻፈ ሰው ይጫነዋል፤ ይሰበራል።

«ፒል» ደግሞ አደገኛ ነው። ፕሮግራመሩ ለሚደራርበው ዳታ የሚጠቀምበት ቃል ነው፤ ያው ቃል ባትሪም ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ራሷ ፒል ትባላለች። ስለዚህ «ፒሉ ሞላ» የሚል ዓረፍተ ነገር ከፊቱና ከኋላው ካልተነበበ አይተረጎምም። በዚህ አማርኛ ዕድለኛ ነው፤ «ቁልል» አለው። እንደ እንጀራ ቁልል መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል፤ ሌላው ዝም ብሎ የተከመረው «ክምር» ነው።

«የሜሞሪ መፍሰስ» የሚባለውም ያሳስታል። አንባቢ ምስጢሩ ወደ ውጭ የወጣ ይመስለዋል፤ ፈረንሳይኛውም ለሁለቱም «ፍዊት» ስለሚል አያድንም። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ምንም አይወጣም። ፕሮግራሙ የተሰጠውን ቦታ ሥራውን ጨርሶ አይመልስም፤ ፕሮግራሙ ራሱ እስኪዘጋ ይዞት ይቆያል። «ሳይመልስ መያዝ» ማለት ይሻላል።

አሠራሩን በሚመለከት፦ ጽሑፉን ከመጀመራችሁ በፊት ሙሉውን አንብቡና ቃላቱን ብቻ ለይታችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ዕቃው ምን እንደሚሠራ በአንድ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ቋንቋ አስቀምጡ፤ ይህን መጻፍ ካልቻላችሁ ቃሉን ለመተርጎም ጊዜው አይደለም። ከዚያ ወደ ፈረንሳይኛ ከሆነ የፈረንሳይ ባህል ሚኒስቴር የቃላት ቋት የሆነውን ፍራንስቴርምንና የኩቤክን ትልቁን የቃላት መዝገብ ተመልከቱ። ሁለቱ ባልተስማሙበት ቦታ አንባቢያችሁ ከየት እንደሆነ ይወስናል። የጣላችሁትን ቃልም ከነምክንያቱ ያዙ፤ በሦስተኛው ሳምንት ያው ቃል ተመልሶ ይፈትናችኋል።

በአንድ ምሳሌ እንጨርስ። የስልክ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እንግሊዝኛው «በቂ ሜሞሪ የለም፤ ካሽ አጽዳ ወይም ፋይል ሰርዝ» ይላል። ሜሞሪ የተባለው የቱ ነው? መፍትሔው ፋይል መሰረዝ ከሆነ ራም ሊሆን አይችልም፤ ስቶሬጅ ነው። ስለዚህ ፈረንሳይኛው «ሜሟር» የሚለውን ትቶ «ኤስፓስ ደ ስቶካዥ ኤንሱፊዛን» ይላል፤ የማስቀመጫ ቦታ አነሰ። «አጽዳ» የሚለው ትእዛዝ እዚያ በአክብሮት ይነገራል፤ በአማርኛም የማናውቀውን ሰው አንተ አንልም። «ወይም» የሚለው ቃል ግን በሁለቱም ቋንቋ ሁለቱን እርምጃ እኩል ያደርጋል። እኩል አይደሉም። ጊዜያዊ ቅጂ ቢጠፋ ተመልሶ ይወርዳል፤ የልጅ ፎቶ ቢጠፋ አይመለስም። ስለዚህ አማርኛው እንዲህ ቢሆን፦

«ስልክዎ ላይ የቀረ ቦታ የለም። መጀመሪያ ጊዜያዊ ቅጂዎችን ያጽዱ፤ ፎቶዎ አይነካም። ይህ ካልበቃ ብቻ የማይፈልጓቸውን ፋይሎች መርጠው ይሰርዙ።»